ፋሻዋን የፈታችው እናት

ኅዳር 15፣ እሑድ

ጾመ ነቢያት ዛሬ ገባ። ከቅዳሴ ተመልሼ ጫማዬን ሳላወልቅ ማሪቪክ ደወለች። ማሪቪክ ኤርፖርት ከእኔ ጋር ዊልቸር የምትገፋ ፊሊፒናዊት ናት። ስንት ዓመት ጎን ለጎን ስንገፋ ኖረናል። «ኩያ» ነው የምትለኝ፤ በእነሱ ዘንድ ታላቅ ወንድም የሚጠራበት ነው። «ኩያ፣ ማኅበሩ ተስማማ። የዘንድሮው አንባቢ አንተ ነህ» አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፊሊፒኖች አንድ ጀግና አላቸው። ጦረኛ አይደለም፤ የዓይን ሐኪምና ደራሲ ነበር። ስፔኖች አገራቸውን በሚገዙበት ዘመን የመነኮሳቱንና የሹማምንቱን ግፍ በሁለት ልብ ወለድ መጻሕፍት አጋለጠ። ለዚህም አጋዙት፤ በመጨረሻም በሠላሳ አምስት ዓመቱ አደባባይ አውጥተው ረሸኑት። ቀኑ በፈረንጆቹ ዲሴምበር ሠላሳ፣ በእኛ ታኅሣሥ 21 ነው። ማኅበራቸው በየዓመቱ በዚያ ቀን፣ ሊገደል ሲል የጻፈውን የስንብት ግጥም በአንድ የባዕድ ቋንቋ ያስነብባል። አምና ጃፓንኛ ነበር። ዘንድሮ አማርኛ ነው፤ ተርጓሚውም አንባቢውም እኔ ነኝ። ለሰው ሠርግና ክርስትና ስገጥም የኖርኩት ሰውዬ ለካ ለዚህ ኖሯል የተፈጠርኩት! ደስታዬን ለልጄ ለአርያም ስነግራት «ዋው አባዬ» ብላ አቀፈችኝ።

ሌላ ጉዳይ። የዓይን ጠብታዬን ነገር አሰብኩበት። ጠዋት ሳደርገው ዓይኔ ላይ አይቀርም፤ ጉሮሮዬ ድረስ ወርዶ እንደ ሬት ይመረኛል። ጉሮሮ ከገባ ያው ጠጡት ማለት አይደል? ስለዚህ እስከ ገና ድረስ የጠዋቱን ወደ ዘጠኝ ሰዓት አዛውሬዋለሁ። ግላኮማ፣ ይኸው የዓይን ግፊቴ፣ ቀስ ብሎ የሚሄድ በሽታ ነው ብሎኛል ሐኪሙ ራሱ፤ ለጥቂት ሰዓት መዘግየት የሚመጣ ነገር የለም። የንስሐ አባቴን መጠየቅ ይቻል ነበር። ግን ስንት ሥራ ያለባቸውን ሰው በዚህ ምን ላስቸግራቸው።

ኅዳር 18፣ ረቡዕ

ቸኩያለሁ። ነገ ታንክስጊቪንግ፣ የዚህ አገር የምስጋና በዓል ነው፣ ኤርፖርቱ ጢም ብሏል። ሰው ሁሉ ዛሬ ከጎን እየመጣ ይገባብኛል። አንዱ ሻንጣውን መሀል መንገድ ጥሎ እዚሁ ኤርፖርት ውስጥ ካሉት የቁማር ማሽኖች አንዱ ላይ ተተክሏል። በሻንጣው ተደናቅፌ ልወድቅ ነበር። «ዋች ኢት!» ይለኛል ደግሞ! ማን ነው ዋች ማድረግ ያለበት?

መብራቱንም ቀይረውታል መሰለኝ። ደብዝዟል።

ኅዳር 21፣ ቅዳሜ፣ ጽዮን ማርያም

ማሪቪክ የጀግናውን የሕይወት ታሪክ በእንግሊዝኛ አውሳኛለች። ቀኑን ሙሉ ማጉያ መነጽር ይዤ አነበብኩ። የዛሬ ማተሚያ ቤቶች ቀለም ይቆጥባሉ፤ ገጹ ሁሉ የገረጣ ነው።

እንዴት ያለ ሰው ነው! ቋንቋ ይሰበስባል። ወደ ሩቅ የደቡብ ዳርቻ ቢያግዙት አልተኛም፤ የመንደሩን ልጆች ያስተምራል፣ ውኃ በቦይ ያስመጣል፣ ዓይናቸው የታመመ ሰዎች በጀልባ እየመጡ ይታከሙበታል። ሲገደል ጀርባውን አዙሮ ነበር ያቆሙት፤ ከሃዲ ነህ ሲሉት ነው። እሱ ግን ጥይቱ ሲመታው እንደምንም ብሎ ዞሮ በጀርባው ወደቀ ይላሉ። ፊቱ ወደ ሰማይ።

አንድ ቦታ ላይ ግን ተናደድኩ። በግዞት ሳለ እናቱ ዓይናቸው ታውሮ መጡለት። በገዛ እጁ ቀዶ ሕክምና አደረገላቸው። አይነሡ፣ ፋሻውን አይንኩ ብሎ አስጠነቀቀ። ሴትዮዋ ተነሡ፣ ፋሻውንም ፈቱት። ዓይናቸው አመረቀዘ። እሱም ሐኪም የገዛ ቤተሰቡን ማከም የሌለበት ለምን እንደሆነ አሁን ገባኝ ብሎ ጻፈ። መጀመሪያ ሳቅሁ። ቀጥሎ መጽሐፉን ወረወርኩት። ሐኪም ወልዶ ሐኪም አለመስማት! ምን ዓይነት ግትር ሰው ነው መድኃኒቱ እጁ ላይ እያለ ዓይኑን የሚያጠፋ?

ለማሪቪክ በስልክ ይህንኑ ብላት ሳቀች። «ኩያ፣ እናቶች እንደዚያ ናቸው» አለች።

ኅዳር 25፣ ረቡዕ

የዘጠኝ ሰዓቱ አልተመቸኝም። ከሌሊት ተነሥቼ ውዬ ስገባ እንቅልፍ ይጥለኛል፣ ስነቃ መሽቷል። ማታም እጄ አይረጋልኝም፤ ጠብታው ጉንጬ ላይ ነው የሚወርደው። ባለቤቴ አስካል በሕይወት ሳለች እሷ ነበረች የምታደርግልኝ። «ወደ ላይ እይ» ትለኛለች፣ ጠብ፣ አለቀ።

ስለ እሷ ዛሬ አልጽፍም።

ግጥሙ እየሄደልኝ ነው። የሚገርመው፣ እያንዳንዱ ክፍል አምስት አምስት ስንኝ ነው። ልክ እንደ መልክእ! ከልጅነቴ ጀምሮ ስደግመው የኖርኩት የአርኬ ቤት፣ በሌላ ሰው አገር፣ በእስር ቤት ተሠርቶ ጠበቀኝ። እንግዲያው በመልክእ ዜማ ልክ እሰፍረዋለሁ። ዛሬ ሁለት አርኬ ጨረስኩ።

ታኅሣሥ 1፣ ማክሰኞ

የመኪናው የቀኝ መስታወት ተገነጠለ። ስገባ የጋራዡ በር ነካው።

«አባዬ፣ ማን መታው?» አለች አርያም።

«ጋራዡ ጠባብ ነው።»

«ይሄ ጋራዥ ስንገዛውም ያው ጋራዥ ነው።»

እንዲህ ያለ አነጋገር ከማን እንደተማረች አውቃለሁ። ከእናቷ ነው።

ከነገ ጀምሮ ማሪቪክ በመንገዷ ታነሣኛለች። የእኛን ሰፈር ሴንቴኒያል ሂልስን አቋርጣ ነው የምትሄደው፣ አይከብዳትም። እሷ ናት የለመነችኝ። ማለቴ ሐሳቡን ያነሣሁት እኔ ነኝ፣ እሷ ግን ወዲያው እሺ አለች።

ታኅሣሥ 5፣ ቅዳሜ

ጨረስኩ! አሥራ አራቱንም አርኬ። የመጨረሻው እናት አባቱን፣ ወንድሞቹን፣ የሚወዳትን የባዕድ አገር ሴት የሚሰናበትበት ነው። እዚያ ስደርስ አለቀስኩ። በማግሥቱ የሚገደል ሰው እንዴት ቤት ይመታለታል?

ላይብረሪ ሄጄ በትልልቁ አሳተምኩት። አንድ ገጽ ላይ ሁለት ስንኝ ብቻ ነው የሚይዘው። አርያም የወረቀቱን ክምር አይታ «ይሄ ለማን ነው?» አለችኝ።

«የአዳራሹ መብራት ደካማ ነው ይላሉ።»

«እኔ እንኳ የማነበው አማርኛ ሆነ» ብላ ሳቀች። ሰንበት ትምህርት ቤት ፊደል ቆጥራለች፤ ግን አንድ ቃል ለማንበብ ግማሽ ቀን ይፈጅባታል። ሳቋን ስሰማ ልነግራት አሰብኩ። ምኑን እንደምነግራት ግን አላውቅም። ምንም የሆንኩት ነገር የለም።

ይህን በወፍራም እስክሪብቶ ነው የጻፍኩት። ቀጭኑ ተሰወረብኝ።

ታኅሣሥ 9፣ ረቡዕ

ዛሬ ማረፊያ ክፍሉ በር ላይ ቆሜ ሁለት የሥራ ባልደረቦቼ ሲያወሩ የሰማሁትን መጻፍ አልፈልግም። እጽፈዋለሁ ግን።

«ሽማግሌው ጠጥቶ ነው እንዴ የሚመጣው? ትናንት ከመስታወቱ በር ጋር ሲላተም አይቼዋለሁ።»

«ኧረ አይጠጡም። ጾመኛ ናቸው እኮ።»

«ታዲያ ጠኔ ነው።»

ሁለቱም ሳቁ። ከኋላቸው ቆሜ ነበር። ጉሮሮዬን ጠርጌ ገባሁ፣ ሻይ ቀዳሁ፣ ጠረጴዛው ላይ አፈሰስኩት። ማንም አልሳቀም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር።

ግጥሙን በቃሌ መያዝ ጀመርኩ። አሥራ አራቱንም በቃሌ ከያዝኩ መብራቱ የፈለገውን ይሁን።

ታኅሣሥ 12፣ ቅዳሜ

አንዲት አሮጊት ይዤ ከበሩ ወደ ሻንጣ መረከቢያው እየገፋሁ ነበር። ቀስ ብዬ። እምላለሁ፣ ቀስ ብዬ። ግራ በኩል ምሰሶ ነበረ። ሰዎች ነበረ ይላሉ። እግራቸው ከማረፊያው ወጣ ብሎ ኖሮ ከምሰሶው ጋር ተጋጨ። ጮኹ። ነጠላ ጫማ ነበር ያደረጉት፣ የአውራ ጣታቸው ጥፍር ተነሥቶ ደም በደም ሆነ። ጎንበስ ብዬ ይቅርታ ስላቸው «ልጄ፣ አላየኸውም?» አሉኝ። አልተቆጡም። ልጄ አሉኝ፣ እኔን ሽማግሌውን።

አለቃችን ተፈሪ ወደ ጎን ወሰደኝ። እንደ አባቱ ነው የሚያከብረኝ። «ጋሽ ኃይለማርያም፣ ለዛሬ ክሎክ አውት ያድርጉና ቤትዎ ይረፉ። ሪፖርት ማድረግ አለብኝ፣ ሌላ ምርጫ የለኝም። የዓይን ሐኪም ወረቀት ካላመጡ ሺፍት ልሰጥዎት አልችልም» አለኝ።

«ምሰሶው ያለቦታው ነው የቆመው» አልኩት።

ትከሻዬን ነካ አድርጎ ሄደ።

ታኅሣሥ 13፣ እሑድ

ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም። አሞኛል ብዬ ቀረሁ።

አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ ግራ ዓይኔን በመዳፌ ሸፈንኩ። ክፍሉ ጨለመ። አርያም መብራት አጠፋች ብዬ ተቆጣሁ፣ «አብሪው እንጂ!» ብዬ ጮኽኩ። መዳፌን ሳነሣ መብራቱ በርቷል። ደግሜ ሸፈንኩ። ደግሜ አነሣሁ። ደጋግሜ ሸፈንኩ።

ፈራሁ። ጌታዬ ሆይ፣ በጣም ፈራሁ።

ከአገር ስወጣ በረሃ ላይ ውኃ ያለቀብን ጊዜ እንኳ እንዲህ አልፈራሁም። ያኔ የምሮጥበት አቅጣጫ ነበረኝ።

ታኅሣሥ 14፣ ሰኞ

ትናንት ሰውነቴ ደክሞ ነው። ጾምና ንዴት ሲደራረብ እንዲህ ያደርጋል። ከገና በኋላ እታያለሁ። አሁን ግጥሙ ይቅደም፤ ቃል ገብቻለሁ። ስምንተኛው ድረስ አንድም ሳልስት ወጣሁት።

ታኅሣሥ 16፣ ረቡዕ

የፈረንጆች ገና። አርያም ቤት ናት። ከመታጠቢያ ቤት የተጠቀለለ ከረጢት ይዛ ወጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው። የጠብታ ብልቃጦች። ማኅተማቸው ያልተነሣ።

«ፋርማሲው የጠብታውን ሪፊል አልወሰዱም ብሎ ቴክስት አደረገልኝ። ቼክ ሳደርግ ይሄን ሁሉ አገኘሁ። አባዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ጾም ነው።»

«ሲሪየስሊ? ጠብታ ምግብ ነው?»

«ጉሮሮ ይገባል። ይመራል።»

«ቄሱን ጠየቅካቸው?»

ብልቃጦቹን ወደ ከረጢቱ መመለስ ጀመርኩ።

«አባዬ፣ ስንት ጣት ነው?»

እጇ የት እንዳለ አላየሁም። ፊቷን እያየሁ ነበር። «አትቀልጂብኝ» አልኳት። ከዚያ እጇ ጆሮዬ አጠገብ ሲንቀሳቀስ ነፋሱ ተሰማኝ። ያን ያህል ቅርብ ነበር።

ወንበር ስባ ተቀመጠችና እንደ ሕፃን አለቀሰች። «ለምን ለእኔ አልነገርከኝም? እኔ አደርግልህ ነበር። ኤቭሪዴይ አደርግልህ ነበር።»

አባት ሆኜ ልጄን ለዚህ ዳረግኋት። ምን ይሉታል ይሄን?

ለሐኪም ደወለች። ከፈረንጆቹ አዲስ ዓመት በፊት ክፍት ቦታ የለም አሏት። ድንገተኛ ክፍል እንሂድ አለች። እኔ ከ21 በፊት ንቅንቅ አልልም አልኩ። ተጯጯኽን። ያሸነፍኩት እኔ ነኝ። እንዲህ ያለ ማሸነፍ።

ታኅሣሥ 18፣ ዓርብ

አርያም አስገደደችኝና ለንስሐ አባቴ ለቀሲስ መልከጼዴቅ ደወልኩ።

«መድኃኒት ጾም ይሽራል ብሎ ማን ነገረህ?» አሉኝ።

«ማንም።»

«ታዲያ እኔ ለምን አለሁ? ለምን አልጠየቅኸኝም?»

ቀጥለው ቀስ ብለው «ልጄ፣ እግዚአብሔር ዓይንህን ጹምልኝ አላለህም» አሉኝ።

ብጠይቃቸው ኖሮ ይፈቀዳል ይሉኝ ነበር። ይፈቀዳል ካሉኝ ደግሞ በየጠዋቱ አልጋው ጠርዝ ላይ ብቻዬን ተቀምጬ ወደ ላይ ማየት ነበረብኝ።

ዛሬ ጠዋት አርያም አደረገችልኝ። የመጀመሪያው ጠብታ ጉንጬ ላይ ነው የወረደው። ልምድ የላትም።

ታኅሣሥ 20፣ እሑድ

አሥራ አራቱንም በቃሌ ወጣሁ። ሁለት ጊዜ። በሦስተኛው ዘጠነኛውን ዘለልኩ። በአራተኛው ደግሞ መሀሉ ላይ ጠፋብኝ። ከዚህ በላይ ብደጋግመው ይብስበታል። ነገ ነው። እመቤቴ በዕለትሽ አታሳፍሪኝ።

ታኅሣሥ 21፣ ሰኞ፣ ማርያም

ሁሉንም እንደሆነው እጽፈዋለሁ። መስመር ጠብቄ እየጻፍኩ እንደሆነ አላውቅም።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ሴቶቹ ትከሻው እንደ ቢራቢሮ ክንፍ የቆመ ቀሚስ፣ ወንዶቹ ስስ ጥልፍ ሸሚዝ ለብሰዋል። ይህን የማውቀው ማሪቪክ እጄን ይዛ ስታስገባኝ አንድ በአንድ ስለነገረችኝ ነው። የነገረችኝ እንደማላይ አውቃ ነው። ከመቼ ጀምሮ እንደምታውቅ አልጠየቅኋትም።

ስሜ ተጠራ። መድረኩ ላይ ወጣሁ፣ ወረቀቱን ለወጉ ዘረጋሁት። ጀመርኩ። አንደኛው አርኬ፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው። ድምፄ ደህና ነበር። ቋንቋውን አንድም ሰው አይሰማውም፣ ግን ጸጥ ብለው ያዳምጡ ነበር፤ የገዛ ሰውዬያቸው ነው፣ የት ቦታ ምን እንደሚል ያውቁታል። አራተኛውን እንደጨረስኩ አምስተኛው ጠፋ።

ጠፋ ማለት ጠፋ። አንድ ቃል አልቀረም። ወደ ወረቀቱ አጎነበስኩ። ያንን የሚያህል ፊደል! ዳመና ነው ያየሁት። ገጽ ገለጥኩ፣ ሌላ ዳመና። ሰው ሲያስል ሰማሁ። ወንበር ተንቋቋ። ከመድረኩ ሮጬ ልወርድ አሰብኩ፣ ደረጃው የቱ ጋ እንደሆነ አላወቅሁም።

ያኔ በእንግሊዝኛ እንዲህ አልኩ፦ «ይቅርታ አድርጉልኝ። ወረቀቱ አይታየኝም። መብራቱ አይደለም፤ እኔ ነኝ።»

ከዚያ በኋላ ማቆም አቃተኝ። «የጀግናችሁ እናት ልጃቸው አትንኩት ያላቸውን ፋሻ ፈቱ። ታሪኩን ሳነብ ስቄባቸው ነበር፣ መጽሐፉንም ወርውሬዋለሁ። እኔ መድኃኒቴን መታጠቢያ ቤት ደብቄ ነው የሳቅሁት። ሥራ ቦታ የሰው እናት አቁስያለሁ። ልጄ እዚህ ናት፣ ዋሽቻታለሁ። አሁን ዓይኔ እየሄደ ነው፤ ምን እንደማደርግ አላውቅም።»

ማሪቪክ በቋንቋቸው የሆነ ነገር ስትል ሰማሁ። ቀጥሎ የጫማ ኮቴ። አርያም ናት፤ አረማመዷን ከሺህ ሰው መሀል እለየዋለሁ። አጠገቤ ቆመች፣ ወረቀቱን ከእጄ ወሰደች፣ አምስተኛውን አርኬ ፈልጋ ማንበብ ጀመረች።

አንድ ፊደል፣ አንድ ፊደል። እንደ ቆሎ እየለቀመች። አንዳንዱን ቃል ሁለቴ ሞክራ ትተወዋለች፣ አንዳንዱን መሀል ላይ ትቆርጠዋለች። ቤቱ አልመታም፣ ዜማው ፈረሰ፣ የደከምኩበት ሁሉ ተበተነ። አላረምኳትም። ትከሻዋን ይዤ ቆምኩ። በጣም ረጅም ጊዜ ወሰደ። አንድም ሰው ተነሥቶ አልወጣም። የመጨረሻው ላይ፣ እናት አባቱን የሚሰናበትበት ጋ ስትደርስ ድምፅዋ ተቆረጠና ጨርሳው አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። ከዚያ በኋላ አጨበጨቡ መሰለኝ፤ አላስታውስም።

ታኅሣሥ 24፣ ሐሙስ

ዛሬ ታየሁ። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። ነገር አታለሳልስም፣ ወደድኳት። የቀኝ ዓይን ነርቩ ሞቷል። የግራው ዙሪያው ሄዶ መሀሉ ብቻ ቀርቷል። ግፊቱን ለማውረድ በሚመጣው ሳምንት ቀዶ ሕክምና ታደርግልኛለች፤ የሄደውን ለመመለስ ሳይሆን የቀረውን ለማቆየት። ለቀረውም ዋስትና አልሰጥም አለች። መኪና መንዳት አይቻልም። ዊልቸር መግፋትም አይቻልም።

«ጾሙ ነው ያጠፋኝ?» አልኳት።

«የጥቂት ሳምንት ነገር አይደለም፤ ይሄ ብዙ ጊዜ የፈጀ ጉዳት ነው። ጠብታውን በደንብ ማድረግ ካቆምክ ስንት ጊዜ ሆነህ?»

አርያም መለሰችልኝ። «እማዬ ከሞተች ጀምሮ ነው» አለች በእንግሊዝኛ። የብልቃጦቹን ቀን አይታ ኖሯል።

ሐኪሟ ጻፈችው።

ፓርኪንጉ ውስጥ መኪናው ውስጥ ተቀመጥን። አርያም ሞተሩን አላስነሣችም። መሪውን ይዛ ታለቅሳለች፣ ድምፅ እንዳላሰማ ብላ ስትታገል እሰማታለሁ። ወደ እሷ ዞርኩ። ግንባሯን አየሁ። ጭንቅላቴን ዝቅ አደረግሁ፣ አፍንጫዋን አየሁ። ደግሞ ዝቅ አልኩ፣ የሚንቀጠቀጥ አገጯን አየሁ። ሙሉ ፊቷ በአንድ ጊዜ አይታየኝም። በየተራ ነው የማየው። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፣ እዚህም ጽፌው አላውቅም።

ፊቷን ጠርጋ እጇን ወደ ቁልፉ ሰደደች። «እንሂድ አባዬ» አለችኝ።

«ቆይ፣ አትንቀሳቀሺ» አልኳት። «አልጨረስኩም።»